ስለ ኬተ ኮልቪትስ ጠይቁኝ፤ «ሠዓሊ» ግን አትበሉብኝ

ስለ ጀርመናዊቷ ኬተ ኮልቪትስ ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም ሴትየዋ ትምህርቷን በቀለም ሥዕል ብትጀምርም ከ1890 አካባቢ ወዲህ ቀለሙን ትታዋለች። የህትመት ሰው ናት፤ በኋላም ቅርጻ ቅርጽ ሠርታለች።

ጀማሪ፦ ጋሼ፣ ስለ ሠዓሊዋ ሕይወት ቢነግሩን?

መልስ፦ አሁን ምን አልኩ? በ1867 ኮኒግስበርግ፣ የዛሬዋ ካሊኒንግራድ፣ ተወለደች። በርሊንና ሙኒክ ተማረች። በ1891 ካርል የሚባል ሐኪም አገባች፣ ሁለት ወንዶች ወለደች። ሚያዝያ 1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ከምናምን ሲቀረው ሞተች። ሌላውን ጠበብ አድርገህ ጠይቅ።

ነጭ ወረቀት፦ የድሆች ነገር ከየት መጣባት?

መልስ፦ ከባሏ ክሊኒክ። ካርል በሰሜን በርሊን የሠራተኞች ሰፈር ነበር የሚያክመው። ቤታቸውም እዚያው ነው። ለሕክምና የመጡት ሴቶች ወደ እሷም እየገቡ ብሶታቸውን ይነግሯት ነበር፤ ሥራ ያጣ ባል፣ የታመመ ልጅ፣ ያልታሰበ እርግዝና። ስለ ራሷ ግን አልዋሸችም። መጀመሪያ ሠራተኞችን የሣለቻቸው ውብ ሆነው ስለታዩዋት ነው፤ ሐዘኔታው በኋላ ነው የመጣው ብላለች። ይህን ሐቀኝነቷን እወድላታለሁ።

እርሳስ፦ እኔ ህትመት እየተማርኩ ነው። ኤቺንግ እንዴት እንደምትሠራ ቢያብራሩልኝ? ለምንስ መረጠችው?

መልስ፦ ተባረኪ! እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ። የመዳብ ሰሌዳውን አሲድ በማይበላው ሰም መሳይ ነገር ትቀቢዋለሽ። በመርፌ ስትስዪ የሚፋቀው ሰሙ ብቻ ነው። አሲድ ውስጥ ስትነክሪው የተፋቀውን መስመር ይበላዋል። ብዙ ካቆየሽው መስመሩ ይጠልቃል፣ ሲታተምም ይጠቁራል። ከዚያ ቀለም ሞልተሽ፣ ላዩን ጠርገሽ፣ እርጥብ ወረቀት አልብሰሽ በማተሚያው ታሳልፊዋለሽ። ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል።

የ1844ቱን የሲሌዥያ ሸማኔዎች አመጽ ይዛ ከ1893 ጀምሮ ዓመታት ለፋች። የወጣው ስድስት ሥራ ነው፤ ሦስቱ ኤቺንግ፣ ሦስቱ ሊቶግራፍ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም። ለምን ተቀላቀለ? ኤቺንጉ እንደፈለገችው አልታዘዝ ስላላት! ይህ ለተማሪ መጽናኛ ነው። በ1898 በርሊን ላይ ሲታይ ዳኞቹ ለሜዳሊያ አጯት፣ ንጉሡ ዳግማዊ ቪልሄልም ግን እምቢ አለ።

ለምን መረጠችው ላልሽው፣ አንድ የቀለም ሥዕል አንድ ሀብታም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ህትመት ግን ይባዛል፣ ይረክሳል፣ ሠራተኛው ቤት ይገባል። ፖለቲካዋን ፈልጉ ካላችሁ መዳቡ ላይ ፈልጉት።

ችኩል፦ ስንት ይሸጣል አሁን?

መልስ፦ ደላላ አይደለሁም። ለማንኛውም ከሞተች በኋላ ከሰሌዳዎቿ የታተሙ ስላሉ ፊርማ አየሁ ብላችሁ ገንዘባችሁን አትበትኑ።

ታሪክ ወዳድ፦ ኮሚኒስት ናት ለማለት ለምን ይፈራል? የኮሚኒስቶቹን መሪ ካርል ሊብክኔክትን ሣለች፣ በ1927 ሞስኮ ሄደች።

ነጭ ወረቀት፦ የሄደ ሁሉ ኮሚኒስት ነው እንዴ? ፓርቲ አልገባችም እኮ።

ታሪክ ወዳድ፦ ደብተር መያዝ ያስፈልጋል? ናዚዎች ለምን አባረሯት ታዲያ?

ነጭ ወረቀት፦ እነሱ ያላባረሩት ማን አለ?

መልስ፦ ቆይ፣ ቆይ። በ1919 የፕሩሲያ የጥበብ አካዳሚ አባል አደረጋት። በ1933 እንድትወጣ የተገደደችው ሶሻል ዴሞክራቱና ኮሚኒስቱ በሂትለር ላይ ይተባበሩ የሚል ጥሪ ላይ ስለፈረመች ነው። እሷ ራሷ የሊብክኔክት ተከታይ አይደለሁም ብላለች። በ1919 ሲገደል ቤተሰቡ ጠርቷት አስከሬኑን ሣለች። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ሐዘንተኞች አስከሬኑን ሲሰናበቱ የሚያሳየውን ህትመት በኤቺንግ ሞከረች፣ አልሆነም። በሊቶግራፍ ሞከረች፣ አልሆነም። በ1920 የጀርመናዊውን ቀራፂ የባርላኽን የእንጨት ህትመቶች አየችና መቅረጫ አነሳች። እንጨት ላይ ተቃራኒው ነው፤ የፈለፈልሽው ነጭ ይሆናል፣ ያልነካሽው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ለሐዘንተኞቹ የሚሆነው ያ ጥቁረት ነበር።

ታሪክ ወዳድ፦ ጋሼ፣ ስለ ፖለቲካ ብጠይቅዎ ስለ እንጨት መለሱልኝ።

መልስ፦ አዎ።

የማታ ሰው፦ ልጇ በጦርነት ሞቷል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ፔተር 18 ዓመቱ ነበር። ዕድሜው ስላልደረሰ ለመዝመት የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ካርል አልፈቅድም አለ። ካርልን ለምና ያስፈቀደችው እሷ ናት። ጥቅምት 1914 ቤልጂየም ውስጥ ወደቀ። ይህን ሳታውቁ ሥራዋን አትዩ።

ጉዱ ደግሞ ምን መሰላችሁ? በ1903 የሞተ ልጇን ያቀፈች እናት ሠርታ ነበር። ልክ ለማውጣት መስታወት ፊት ተቀምጣ ያቀፈችው ያኔ ሰባት ዓመቱ የነበረውን ፔተርን ነው።

የፔተርን መታሰቢያ ሐውልት በ1914 ጀመረችው። ጀመረች፣ አፈረሰች፣ እንደገና ጀመረች። በ1932 ነው መቃብሩ ቦታ የቆመው። ተንበርክከው የሚያዝኑ አባትና እናት ናቸው፤ ፊታቸው የካርልና የእሷ ነው። ልጁ የለም። በ1922 እና 1923 ባወጣቻቸው ሰባት የጦርነት የእንጨት ህትመቶችም የጦር ሜዳ አታገኙም። እናቶች፣ መበለቶች፣ ወላጆች ናቸው። በስሙ የተጠራው የልጅ ልጇ ፔተርም በ1942 ሩሲያ ግንባር ሞተ።

ችኩል፦ ከሜክሲኳዊቷ ሠዓሊ ከፍሪዳ ካህሎ ጋር ሲነጻጸሩስ?

መልስ፦ አይነጻጸሩም። ቀጥሎ።

ጀማሪ፦ ሠዓሊዋን በአካል የት ማየት ይቻላል? ሥራዋን ማለቴ ነው።

መልስ፦ *ሠዓሊዋን*... ይሁን። ኮሎኝና በርሊን በስሟ ሙዚየም አላት። በርሊን ኖየ ቫኸ በሚባለው የጦርነት ሰለባዎች መታሰቢያ ውስጥ ደግሞ የሞተ ልጇን ያቀፈች እናት ሐውልት አለ። እሷ የሠራችው 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ1993 አራት እጥፍ አሳድገው አስቀመጡት። ጣሪያው መሃሉ ክፍት ስለሆነ ዝናቡም በረዶውም ይወርድባታል። ህትመቶቿን ለማየት ከሆነ የምትሄደው አስቀድመህ ጠይቅ። ወረቀት ብርሃን ስለማይችል ሁሉም ሁልጊዜ አይሰቀልም። በስልክ ስክሪን አይቼዋለሁ ብለህ ደግሞ እንዳትመጣብኝ።