ዝም ብላችሁ ነካኩት

ከወጣቶች የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። «ዕድሜዬ 19 ነው። ፒያኖ ለመጀመር ረፍዶብኛል?» አንዳንዱ 16 ይላል፣ አንዷ 24 ብላኛለች። ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ጋር ቪዲዮ ይላካል። አምስት ዓመት የማይሞላው ሕፃን፣ እግሩ ወለል ሳይነካ፣ ጣቶቹ እንደ ስፌት መኪና ሲሄዱ። ከቪዲዮው በታች ደግሞ «እኔ እስካሁን ምን ስሠራ ነበር?» የሚል፣ ቀልድም ሐዘንም ያለበት ነገር ይጻፍልኛል።

አርባ ዓመት ፒያኖ አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያሉ ልጆች በእጄ አልፈዋል፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን አልፈዋል። ስለ እነሱ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ስድስት ዓመቷ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ቀድማኝ ወንበሩ ላይ ወጥታለች። በግራ ጫፍ ያሉትን ሁለት ወፍራም ቁልፎች አንድ ላይ ትጫናለች። ጉምምም ይላል። ጣቷን ሳታነሳ ትጠብቃለች። ድምፁ ሊጠፋ ሲል ወንበሩ ላይ እየተንፏቀቀች ቀኝ ጫፍ ትደርስና የመጨረሻዋን ቀጭን ቁልፍ በአንድ ጣት፣ ጢን! ከዚያ እንደገና ወደ ግራ። አራት ጊዜ ደገመችው። በአራተኛው ጢኗን ሁለት አደረገቻት።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ዝሆኑ ትንኝ እያባረረ ነው። አሁን ሁለተኛ ትንኝ መጣች።»

«በይ በይ፣ መነካካቱን ተይና መጽሐፉን ክፈቺ።»

ከፈተች። ልጅቷ ብርቅ ነበረች። ሌላው ስምንት ዓመት ተምሮ የማይደርስበትን በሦስት ዓመት ትምህርት ደረሰችበት። የሰማችውን አትረሳም። ኖታ ስታነብ ጋዜጣ የምታነብ ነው የሚመስላት። ሰው አጨበጨበላት፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። 13 ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን «እስቲ ከራስሽ የሆነ ነገር ተጫወቺ፣ አጭርም ይሁን» አልኳት። እጆቿን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ ቀና ብላ አየችኝ።

«የትኛውን?» አለችኝ።

ያን ማታ እራት አልበላሁም።

ይህን ስነግራቸው ሰዎች ዝነኛውን የሙዚቃ ደራሲ ሞዛርትን ያነሱብኛል። በአምስት ዓመቱ የራሱን ሙዚቃ ሠርቶ የለም ወይ ይሉኛል። ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1756 ተወልዶ በ1761 ትንንሽ ሥራዎች ነበሩት። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ብዙም አይወራም። በ1767፣ በ11 ዓመቱ፣ የተጻፉ አራት የፒያኖ ኮንቸርቶዎች፣ ማለትም ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወታቸው ሥራዎች፣ አሉ። ለረጅም ጊዜ የራሱ ፈጠራ ናቸው ሲባል ኖረ። ሲጣራ የሌሎች ሰዎች ሶናታዎች፣ ለአንድ ወይም ለጥቂት መሣሪያ የተጻፉ ሥራዎች፣ ሆነው ተገኙ። ለኦርኬስትራ አስማምቷቸው ነው። አጭበርብሯል ማለቴ አይደለም። ልጅ እጁን የሚያፍታታው እንደዚያ ነው፤ የሌላውን ፈትቶ መልሶ እየገጠመ። ሙሉ በሙሉ የራሱ የሆነውን የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንቸርቶ የጻፈው በ1773፣ በ17 ዓመቱ ነው። ብዙ የሙዚቃ አዋቂዎች የመጀመሪያው ታላቅ ሥራው የሚሉት ኮንቸርቶ ደግሞ የመጣው በ1777፣ ገና 21 ዓመት በሞላበት ወር ነው።

«እሱማ እስከዚያ 16 ዓመት ሙሉ ሲሠራ ነበር» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሕፃንም ገና ያ ሁሉ መንገድ ይቀረዋል።

አባቱን ሊዎፖልድን ብዙ ሰው አይወደውም። ከ1763 እስከ 1766 ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ከከተማ ከተማ ለሰው እያስጫወታቸው ሲዞር ከረመ። እኔም ቅር ይለኛል። ግን እኔ ያላደረግኩትን አንድ ነገር አድርጓል። ልጁ የነካካውን ቁጭ ብሎ ጽፎለታል። ዝሆንም ይሁን ትንኝ፣ ደብተር ላይ አስፍሮለታል።

ደብተሩ የእህትየው የናነርል ነበር። በአራት ዓመት ተኩል ትበልጠዋለች፣ እሷም ሰው ያስደነቀች ተጫዋች ነበረች። በ1769 አባትና ልጅ ወደ ጣሊያን ሲሄዱ እሷ ቤት ቀረች፣ በ18 ዓመቷ። ወንድሟ ከዚያው በጻፈላት ደብዳቤ ያቀናበረችውን ዘፈን አድንቆላታል። ትሠራ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን አንዱም በእጃችን የለም። ስለ ሞዛርት ባነበብኩ ቁጥር የምቆመው እዚህ ጋ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዕድሜ መዋሸት የቪዲዮ ዘመን ፈጠራ አይደለም። ቤትሆቨን በ1778 ኮሎኝ ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ ማስታወቂያው ስድስት ዓመቱ ነው ይል ነበር። ሰባት ሞልቶት ነበር። ስለዚህ ከቪዲዮው ሥር «4 ዓመቷ ነው» የሚል ስታዩ ቶሎ አትደንግጡ።

አንድ ሰው ልጨምር። ፒያኖ ተጫዋቿ ሩት ስሌንቺንስካ በ1925 ተወለደች። በስድስት ዓመቷ በርሊን ላይ ኮንሰርት አቀረበች። አባቷ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያለማምዳት ነበር፣ ስትሳሳት ይመታታል። በ15 ዓመቷ መድረኩን ጥላ ወጣች። ኋላ ግን ተመለሰች፣ በራሷ ፈቃድ። በ2022፣ በ97 ዓመቷ፣ አዲስ አልበም አወጣች። ስለ እሷ ሲወራ ስድስቱ ይነሳል። እኔን የሚገርመኝ 97ቱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። የሚረፍድ ነገር አለ፤ አልዋሻችሁም። አንድ ድምፅ ብቻውን ሰምቶ ያለ ማነጻጸሪያ «ይሄ ላ ነው» ማለት የሚችል ሰው አለ። ያ ችሎታ ባብዛኛው የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ከጀመሩት ዘንድ ነው። ግን ያለ እሱ የኖሩ ታላላቅ ሙዚቀኞች ሞልተዋል። ጣትም ቢሆን በልጅነት ይበልጥ ይላላል። ቀሪው አይረፍድም።

ልምምዱን አትተዉ። ስኬል፣ ድምፆቹን በተርታ መውጣትና መውረዱ፣ ይሰለቻል፣ እኔንም ሰልችቶኛል፣ ግን ሥሩት። መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት ግን አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ነካኩት። ከየት እንደምትጀምሩ ከጠፋችሁ ከ88ቱ ቁልፎች 36ቱን ጥቁሮች ብቻ ያዙ። አምስት ድምፅ ናቸው እየተደጋገሙ የሚሄዱት፤ እርስ በርስ ስለማይጋጩ የፈለጋችሁትን ብትጫኑ ጆሮ አይቆረቁርም። ፔዳሉን ረግጣችሁ አንዱን ድምፅ እስኪሞት አዳምጡት። ደስ ያላችሁ ነገር ድንገት ከወጣ ደግሞ ወዲያው ድገሙት። ይቺን ያዙልኝ። መጀመሪያ ሲወጣ አጋጣሚ ነው፤ ሁለተኛ ስትጫወቱት መርጣችሁት ነው። ስልካችሁ ላይ ቅረጹት። ሊዎፖልድ ብዕርና ቀለም ነበር የሚፈልገው።

ታናናሾች ካሏችሁ ደግሞ ጆሯችሁን ስጧቸው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ አሻንጉሊት እየደረደረ ያንጎራጉራል። እንዳለ ከማንም ያልሰማው ዜማ ነው፣ ግማሹ ከሰማው ተቆርጦ የተሰፋ። «ጎበዝ!» ብላችሁ አታስደንግጡት፣ ያቆማል። ቪዲዮም አታንሱት፣ ወዲያው ለካሜራው መዝፈን ይጀምራል። ሲጨርስ «እስቲ ድገመው» በሉት። ከደገመው በኋላ እናንተም አንጎራጉሩለት። ከተሳሳታችሁ ያርማችኋል፤ ሲያርማችሁ ፊቱን እዩት።

ተማሪዬ ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ መጣች። ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ሥራዋ ሌላ ነው። ፒያኖ ከነካች ብዙ ዓመት እንደሆናት ነገረችኝ፤ አልተማረረችም፣ እንደ ቀላል ነገር ነው ያነሳችው። ሻይ እየጠጣን ስለ ዝሆኑ ጠየቅኳት።

«የቱ ዝሆን፣ ጋሼ?»

ተነስቼ ፒያኖው ጋ ሄድኩ። በግራ ጫፍ ያሉትን ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንኩ። ድምፁ ሊጠፋ እስኪል ጠበቅኩ። ወደ ቀኝ ተንፏቅቄ የመጨረሻዋን ነካሁ። አራት ጊዜ ደገምኩት፣ በአራተኛው ጢኗን ሁለት አድርጌ።

ሳቀች። «ደስ ይላል» አለች። «የማን ነው?»