ግሪክኛና ላቲን በዩኒቨርሲቲ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

በእንግሊዝ ሀገር በጥንታዊ ግሪክኛና በላቲን ዲግሪዬን ከያዝኩ ወዲህ ጀማሪዎችን ማስጠናት የዘወትር ሥራዬ ሆኗል። ሰሞኑን «የፈለጋችሁትን ጠይቁ» ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለንደን ነው የምማረው፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ እጨርሳለሁ። ትምህርት ቤታችን ሁለቱንም ቋንቋ አያስተምርም። ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። ኦክስፎርድ አራት ዓመት በሚፈጀው ትምህርቱ ቋንቋውን ላልጀመሩ የተለየ መንገድ አለው። ካምብሪጅም ላቲን ላልተማሩ ከሦስቱ ዓመታት በፊት አንድ የመሰናዶ ዓመት ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ከነጭራሹ ግሪክኛና ላቲን የግድ መሆናቸው ቀርቷል። በሩን ለማስፋት ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ቅኔ ቤት ገብቶ ግዕዝ ሳይማሩ እንደ መውጣት ነው።

ጥያቄ፦ ከሁለቱ የትኛው ይከብዳል?

መልስ፦ ግሪክኛ። ፊደሉ አያስፈራህ፤ ከሀ እስከ ፐ የቆጠረ ሰው 24 ፊደል በሳምንት ይጨርሳል። ጭንቁ ያለው ግሱ ላይ ነው። ከአድራጊና ከተደራጊ ሌላ «መካከለኛ» የሚሉት አለ። የክፍል ጓደኞቼ በዚህ ወር ሙሉ ሲንገላቱ እኔን ያዳነኝ «ታጠበ» የሚለው ቃል ነው። «ልብሱ ታጠበ» ስንል ሌላ ሰው አጥቦታል፤ «ልጁ ታጠበ» ስንል ገላውን ራሱ ታጥቧል። ቃሉ አንድ ነው፤ ማን እንዳጠበ የምናውቀው ከዙሪያው ነው። ግሪኮችም «ሉኦ»፣ አጥባለሁ ያሉትን «ሉኦማይ» ሲያደርጉት እንዲሁ ነው፤ «እታጠባለሁ» ማለት ነው። መምህሬ ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ብቻዬን ሳቅሁ።

ላቲንም ቢሆን ለአማርኛ ተናጋሪ ክፉ አይደለም። «ፑኤር ፑኤላም አማት» ማለት «ልጁ ልጅቷን ይወዳል» ነው። «ፑኤላም ፑኤር አማት» ብትለውም ትርጉሙ አይለወጥም፤ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ም» የእኛን «ን» ሥራ ትሠራለችና። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከፊት የመጣውን ሁሉ ባለቤት ያደርገዋል። አንተ ግን መድረሻውን ማየት ከእናትህ ተምረሃል።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ፤ ግዕዝም ቅኔም ተምሬአለሁ። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ከሚያስቡት በላይ ይጠቅምዎታል፤ ግን ግዕዝ ግሪክኛን አያስተምርም፤ ግሱ ሌላ ቤት ነው። የሚጠቅምዎት ልማዱ ነው። ቃሉን ከቦታው ነጥቆ ሦስት ቃል አልፎ ካለው ባለቤቱ ጋር ማገናኘት የላቲን ግጥም አንባቢ የዕለት ሥራ ነው፤ ቅኔ ሲፈቱ ለኖሩ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ግስ በቃል ማርባትም እንዲሁ፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ሲለምን የሚውልበትን ነገር እርስዎ በልጅነትዎ ጨርሰውታል።

ሁለቱ ቋንቋዎች እኛ ቤት እንግዳ አይደሉም። መጽሐፍ ቅዱሳችን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪክኛ ነው። ዒዛና አክሱም ላይ በግሪክኛም በግዕዝም አስቀርጿል። ፩፣ ፪፣ ፫ የምንላቸው ቁጥሮች የመጡት ከግሪክ ፊደላት ነው፤ ጠረጴዛም ሆነ ወንጌል ግሪክኛ ናቸው። ላቲኑን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 የታተመው የጀርመናዊው ሊቅ የዲልማን ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ፍቺውን የሚሰጠው በላቲን ነው። የራሳችንን ቃል ትርጉም ለማየት ላቲን ያስፈልገናል ማለት ነው። ይህ እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ በአንድ ገጽ ዋናው፣ በሌላው ትርጉሙ ያለባቸውን መጻሕፍት ልጠቀም?

መልስ፦ «ሎብ» የሚባሉትን አረንጓዴና ቀይ መጻሕፍት ማለትህ ነው፤ አረንጓዴው ግሪክኛ፣ ቀዩ ላቲን። ተጠቀም፤ ግን ትርጉሙን በወረቀት ሸፍነህ። እኔ በአንደኛው ዓመት የታዘዘልንን የላቲን ግጥም ሳይሆን ትርጉሙን ሸመደድኩ። ፈተናው ላይ የመጀመሪያውን ቃል ዐውቄ፣ የተቀረውን ከራሴ ገለበጥኩ። ወረቀቴ ሲመለስ ከታች በቀይ የተጻፈው «የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች አልጠየቅንህም» ይላል። ፈተናው ላይ የሌሉ መስመሮች ተርጉሜ ነበር።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ሰዓት ላጥና?

መልስ፦ በየጠዋቱ 40 ደቂቃ። እሑድ አምስት ሰዓት ተቀምጦ በሳምንቱ መርሳት ቋንቋ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሥራስ?

መልስ፦ መምህርነት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየም አለ፤ ብዙ ጓደኞቼ ግን ወደ ሕግና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሄደዋል። ለቶሎ ገንዘብ ከሆነ ሌላ ተማር።

ጥያቄ፦ የሮማውን ገዥ ስም እዚህ «ሲዘር» ሲሉ እሰማለሁ። ሮማውያን ራሳቸው እንዴት ነበር የሚሉት?

መልስ፦ «ካይሳር»። ግሪኮቹም እንዲሁ። አያትሽ «ቄሣር» ስትል ከፕሮፌሰሩ ይልቅ ለሮማ ትቀርባለች።