ከጥሻ የማይወጣው አጋዘን፦ ጥያቄና መልስ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የኅዳር አደን ሲቃረብ ደብዳቤ ይበዛል። ዘንድሮ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ነጭ ጭራው አጋዘንና ስለሚደበቅበት ጥሻ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቀርባለሁ።

ዱካው አለ፣ በጠጡ አለ፣ እሱ ግን የለም

የአሌክሳንድሪያ አንባቢ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ሄዶ ትኩስ ዱካ ያገኛል። ዱካውን ተከትሎ እሾሃማው ጥሻ ውስጥ ሲገባ በአፍንጫ የሚወጣ ኃይለኛ እፍታ ይሰማል፤ ነጭ ጭራ ብልጭ ይላል፣ በቃ። ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው። ምን ላድርግ ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጥሻው ውስጥ መግባትህን አቁም። ያ መኝታ ቤቱ ነው። አጋዘን ቀን ሲተኛ አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ፣ ፊቱን ነፋሱ ወደሚሄድበት አዙሮ ነው። ከኋላው የሚመጣውን በአፍንጫው፣ ከፊቱ የሚመጣውን በዓይኑ ይጠብቃል። ከየትም ብትገባ ቀድሞ ያውቅሃል።

አንተ ጠርዙን ያዝ። ጥሻው ከትልልቅ ዛፎች ጋር የሚገናኝበትን፣ የአጋዘኑ መንገድ ጅረት የሚሻገርበትን፣ በሁለት ኮረብታ መካከል ዝቅ የሚለውን ቦታ ፈልግ። አቅራቢያው ነጭ ኦክ ካለና ፍሬው መሬት ላይ ከረገፈ የእራት ቦታው ተገኘ ማለት ነው። ከመኝታው ወደ እራቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ነፋሱ ከእሱ ወደ አንተ በሚመጣበት በኩል ተቀመጥ። ጠዋት ከሆነ ሳይነጋ ቦታህን ያዝ። ማታ ከሆነ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቀደም ብለህ ድረስ።

ተራራ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ከመንገዱ በላይ፣ ማታ ከመንገዱ በታች መቀመጥ ይሻላል። ብዙ ሰው ከሰዓት በኋላ ቦታውን ሳይቀይር ይቆይና ጀንበር ስትጠልቅ ጠረኑ በሙሉ ወደ አጋዘኑ ይወርዳል። ከዚያ «ዕድል የለኝም» ይላል።

የግድ መሄድ ካለብህ ዝናብ ቅጠሉን ካራሰው በኋላ ሂድ። ጥቂት እርምጃ ትራመድና ረዘም አድርገህ ትቆማለህ። ሲራመድ የሚያይ አዳኝ የለም፤ የሚያየው ሲቆም ነው። ሙሉ አጋዘን አትፈልግ፣ ጥሻ ውስጥ ሙሉ አጋዘን አታገኝም። ግንዱ ሁሉ ቀጥ ብሎ በቆመበት መካከል አግድም የተኛ መስመር ካየህ ጀርባው ሊሆን ይችላል። የሚርገበገብ ጆሮ፣ እርጥብ ጥቁር አፍንጫ፣ ከቅጠል ኋላ አንድ ቀጭን እግር፤ እነዚህን ፈልግ። ሠላሳ ሜትር ላይ እንኳ አቅርቦ የሚያሳየውን የእጅ መነጽርህን አውጣ። የጠብመንጃህን መነጽር ለመፈለጊያ አትጠቀምበት፣ አፈሙዙ አብሮ ነው የሚዞረው።

ዕጣን አታጭሺ ይለኛል

አንዲት እህት ከፌርፋክስ፦ ባለቤቴ የአደን ልብሱን ሳሎን ሰቅሎ፣ ኅዳር ከገባ ዕጣን አታጭሺ፣ ቡና አትቁዪ፣ ሽንኩርት አታቁላዪ ይለኛል። እውነት አጋዘኑ ይሸተዋል?

ይሸተዋል። መፍትሔው ግን ልብሱ ከቤት መውጣቱ ነው። ሽታ በሌለው ሳሙና ይጠብ፣ ደጅ ይድረቅ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ተደርጎ ጋራዥ ይቀመጥ። ጫካው ጋ ሲደርስ ይልበሰው። ነፋሱን ካልጠበቀ ደግሞ ሳጥኑም አያድነውም። እህቴ፣ ቡናሽን ቁዪ።

አዳኝ የሚለብሰው ብርቱካናማ ቬስት አጋዘኑን አያስደነግጠውም?

አያስደነግጠውም። አጋዘን ቀይና ብርቱካናማን እንደኛ ለይቶ አያይም። ሰማያዊን ግን በደንብ ያያል። ቬስቱን ልበስ፣ ጂንሱን ቤት ተወው። በጠብመንጃ ወቅት ሕጉም ያስገድዳል።

ቁጥቋጦ ጥሶ የሚያልፍ ጥይት የቱ ነው?

የሲልቨር ስፕሪንግ አንባቢ። ዓምና ጥሻ ውስጥ ቡናማ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቶ ተኮሰ። ሲሮጥ ሰማው። አሥር ደቂቃ ያህል ደም ፈለገ፣ አጣ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። «ጥይቱ ቀሎ ይሆናል፣ ከባዱን ልግዛ?» ይላል።

አትግዛ። እንዲህ ያለ ጥይት የለም። ከባድም ይሁን ቀላል፣ ፈጣንም ይሁን ዝግተኛ፣ ቅርንጫፍ ከነካ ሊስት ይችላል። ቅርንጫፉ አጋዘኑ ጎን ከሆነ ስህተቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። አንተ አጠገብ ከሆነ ግን ሳንባ ያልከው ሆድ ይሆናል። ሆዱን የተመታ አጋዘን ደግሞ ለሰዓታት ይሰቃያል። ይህን እያወቅን በቅጠል ውስጥ የምንተኩስበት ምንም ምክንያት የለም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ «ቡናማ ነገር» ያልከው ነው። ቡናማ ነገር የሰው ጃኬት ሊሆን ይችላል፣ የሰው ውሻ ሊሆን ይችላል። የአጋዘኑን ጭንቅላት ካላየህ፣ ትከሻውን ካላየህ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ ካላወቅህ ጣትህ ቃታው ጋ አይድረስ። የሳተ የጠብመንጃ ጥይት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

በጥሻ ውስጥ የሚተኮሰው በክፍተት ነው። ቦታህን እንደያዝክ፣ ገና ምንም ሳይመጣ፣ በቅጠሉ መካከል ያሉትን ክፍት ቦታዎች አንድ በአንድ እያቸው። የቱ ጋ ጥርት ብሎ እንደሚታይ፣ ከኋላው አፈር ይኑር አይኑር ለይ። አጋዘኑ ሲመጣ ወደ ክፍተቱ እስኪገባ ጠብቅ። ሲገባ በአፍህ ቀስ ብለህ እንደ ፍየል ድምፅ አሰማው፣ ብዙ ጊዜ ቆም ይላል። ካልገባ ይሂድ። ነገም እዚያው ጥሻ ውስጥ ነው የሚያድረው።

አሁን ስለ ፍለጋው። አሥር ደቂቃ ፍለጋ አይባልም። ሳንባው የተመታ አጋዘን እንኳ መቶ ሜትር ሊሮጥ ይችላል፣ መጀመሪያ ላይም አንድ ጠብታ ላያፈስ ይችላል። እንደተኮስክ ከቦታህ አትነሳ። የቆመበትንና መጨረሻ ያየህበትን ቦታ በዓይንህ ያዝ፣ የትኛው ዛፍ ጎን እንደሆነ ለራስህ ንገር። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ከዚያ የቆመበት ቦታ ሂድና ተንበርከክ። ፀጉር ይኖራል። ደሙ ነጣ ያለ ቀይና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፣ ቅርብ ወድቋል። ጠቆር ያለ ከሆነ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ ጥቂት ሰዓት ስጠው። አረንጓዴ ነገር ካለውና ከገማ ሆድ ነው። ያን ጊዜ ስድስት፣ ስምንት ሰዓት፣ ከመሸም እስኪነጋ መጠበቅ አለብህ። ቀድመህ ብትከተለው ተነስቶ ይሮጣል፣ ከዚያ ማንም አያገኘውም።

ስትከተል የደሙን መንገድ አትርገጥ፣ በጎኑ ሂድ። ባየኸው ጠብታ ሁሉ ላይ ትንሽ የመጸዳጃ ወረቀት አኑር። ጥሻ ውስጥ ደሙ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ የለም፤ አጋዘኑ ሲያልፍ የታከከው ቅጠል ጎን ላይ ነው፣ በወገብህ ከፍታ። ከጠፋብህ መጨረሻ ካየኸው ወረቀት ተነስተህ ክብ እየሠራህ አስፋ። ያም ካልሆነ በገመድ የሚመራ፣ ደም አሽትቶ የሚከተል ውሻ ያለው ሰው ጥራ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ይፈቀዳል። ወደ ሰው መሬት ከገባ በሩን አንኳኩተህ አስፈቅድ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ የሌለህ ቀን ጠብመንጃህን አታውጣ።

በተማሪ ቪዛ ነኝ፣ የጓደኛዬን ጠብመንጃ ልዋስ?

ጠበቃ ሳታነጋግር እንዳትነካው። የፌዴራል ሕጉ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ጠብመንጃም ጥይትም እንዳይዝ ይከለክላል፤ የተዋስከውም እንደያዝከው ይቆጠራል። ሕጉ የሚፈቅዳቸው ሁኔታዎች አሉ፣ አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ ነው። «እሱማ አለኝ» ብለህ ግን አትሩጥ። የቪዛህ ዓይነትና የስቴቱ ሕግ ነገሩን ሊቀይሩት ይችላሉ፣ ስህተቱም ከአገር እስከመባረር ሊያደርስህ ይችላል። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምጽፈው። የኢሚግሬሽንና የወንጀል ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ከፍለህ ጠይቅ። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁም እንደዚሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም።

ክትፎ ይሆናል?

አይሆንም። ይህን የጠየቁኝ ብዙ ናቸው፣ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው። የዱር ሥጋ ከቄራ አልወጣም፣ የመረመረው የለም። ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክም ሊኖርበት ይችላል። ፍሪዘር ባክቴሪያውን አይገድለውም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ቶክሶፕላዝማ ለጽንሱ አደገኛ ነው። በልታ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪሟ ትንገር።

ሌላም አለ፦ አጋዘንን እያከሳ የሚገድል የአንጎል በሽታ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ታይቷል። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሽታው የተገኘበትን ሥጋ አትብሉ ይላል። ማብሰልም አያጠፋውም። በሽታው ባለበት አካባቢ ካደንክ አስመርምር፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለብቻው አስቀምጥ። የት እንደሚመረመር የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይነግርሃል።

ጥብስ፣ ቀይ ወጥ፣ ምንቸት አብሽ ይሆናል። ስብ የለውምና ቅቤውን ጠንከር አድርገው። የተፈጨው 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ። ቋንጣም ቢሆን በነፋስ ብቻ አይተው፣ በምድጃ በደንብ ይሙቅ።

ጾሙስ?

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ገደማ ይገባል። የቨርጂኒያ የጠብመንጃ ወቅት ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሚከፈት ጥቂት ቀን አለህ። ከዚያ ወዲያ ያደንከው ለገና ፍሪዘር ይግባ። ዋላ በኦሪት ዘዳግም 14፥5 ከሚበሉት ተቆጥሯል። የቀረውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ ሙስሊም አንባቢዎችም ኢማማችሁን።

ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ማደን ይቻላል?

ክልክል ነው።

ጓደኛዬ ምግብ ቤት አለው፣ ልሽጥለት?

አይቻልም። ያደንከውን የዱር ሥጋ መሸጥ ሕገ ወጥ ነው፣ እሱንም ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችላል። ለወዳጅ በነፃ መስጠት ይቻላል። ሽንጡን ለራስህ አስቀር።