ሶሻል መግባት እፈልጋለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ግን ደካማ ነው

ደባርቅ የምትኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «በሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ወይ ሶሻል መምረጥ አለብኝ። ታሪክና ጂኦግራፊ በጣም እወዳለሁ። ወንድሜ ግን ሶሻል የሰነፍ ነው፣ ሥራም የለው ይለኛል። ሌላው ችግሬ እንግሊዝኛ ነው። መምህራችን ታሪክን በአማርኛ ሲያስረዱን ቁልጭ ብሎ ይገባኛል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ሲመጣ ሁሉም ይጠፋብኛል። ባለፈው ሴሚስተር ታሪክ ከ100 41 አመጣሁ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ የወንድምሽን ነገር አስቀድሜ ላንሳው። ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ እንጀራሽ አሳስቦት ነው። ግን ልክ አይደለም። ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ጋዜጠኝነት፣ ሶሻል ወርክ፣ ቱሪዝም፣ ሁሉም ከሶሻል የሚገባባቸው ናቸው። ሰነፍ የሚያልፍባቸውም አይደሉም። ሁለት ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ሶሻል ከገባሽ ሕክምናና ኢንጂነሪንግ አይታሰቡም። ሐኪም የመሆን ሐሳብ ልብሽ ውስጥ ካለ ውሳኔሽን አሁን አስቢበት። ሁለተኛው፣ ሒሳብ አይቀርልሽም። ሶሻልም 12ኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ይፈተናል፤ ኢኮኖሚክስ ደግሞ ያለ ሒሳብ አይሄድም። ከሒሳብ ለማምለጥ ሶሻል የሚገቡ ልጆች ብዙ አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ እዚያው ይጠብቃቸዋል።

አሁን ወደ 41ዱ እንምጣ። እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

እኔም ያደግኩት ትንሽ ከተማ ነው። የታሪክ መምህራችን የውጫሌን ውል ሲያስተምሩን ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። 1881 ዓ.ም. ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ነገሩን ግዴታ አድርጎት ነበር። በአንድ ግስ የተነሳ ጠቡ ከረረ፤ መጨረሻው አድዋ ሆነ። ይህን በቃሌ እወጣው ነበር። ፈተናው ላይ ስለዚሁ ውል ጥያቄ መጣ። ደስ አለኝ። መጀመሪያ ያየሁትን እውነተኛ ዓረፍተ ነገር አከበብኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ኤክስ ተደርጎበታል። ጥያቄው ውስጥ «ኤክሴፕት» የምትል ቃል ነበረች። ከአንዱ በቀር ሁሉም እውነት ናቸው፣ ያን አንዱን አውጣ ነበር የሚለው። ታሪኩን አውቀው ነበር። ጥያቄውን ነው ያላነበብኩት።

ያንቺም 41 ከዚህ ዓይነት ስህተት የመጣ ይመስለኛል። እርግጠኛ ለመሆን የፈተና ወረቀትሽን አውጪና የሳትሻቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እዪአቸው። ባላውቀው ነው ያልሽውን «አ»፣ ጥያቄው ባይገባኝ ነው ያልሽውን «ጥ» በይው። «ጥ»ዎቹ ከበዙ ችግርሽ ታሪክ አይደለም፤ ጊዜሽንም ኖት በመሸምደድ አትጨርሺ።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የሶሻል ተማሪ 12ኛ ክፍል ላይ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። እንግሊዝኛ ከስድስቱ አንዱ ይመስላል፤ የታሪኩም የጂኦግራፊውም የኢኮኖሚክሱም ወረቀት ግን የሚነበበው በእሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንቺ ዛሬ ልታስተካክዪው የምትችዪው አንዱ ግን የንባብ ነገር ነው።

ተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርሽ። ትልልቁን ቃል ሁሉም ይይዘዋል። ኢምፔሪያሊዝም፣ ፊውዳሊዝም፣ ኢሮዥን ብትያቸው ይመልሱልሻል። የሚጥላቸው ትንሹ ነው። «ዲክላይን» (መቀነስ)፣ «ኤክስፓንድ» (መስፋፋት)፣ «ሪዛልት» (ውጤት)፣ «ዱ ቱ» (በ... ምክንያት)፣ «ዌርአዝ» (በአንጻሩ ግን)። የታሪክ ጥያቄ የሚሽከረከረው በእነዚህ ላይ ነው። ምን አደገ፣ ምን ቀነሰ፣ ምን ምንን አመጣ። ደግሞም ጂኦግራፊ ላይም ኢኮኖሚክስ ላይም እነሱው ይመለሳሉ። አንዴ ከያዝሻቸው ለሦስት ትምህርት ይሆኑሻል።

እንዲህ አድርጊ። በቀን ግማሽ ሰዓት ለዪ። ከታሪክ መጽሐፍሽ አንድ አንቀጽ ብቻ አንብቢ። መጽሐፉን ዝጊና ለታናሽሽ እንደምትነግሪ ሆነሽ በአማርኛ ተናገሪው። ከዚያ በሦስት አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። መጽሐፉን ክፈቺና አስተያዪ። በማግስቱ ከጂኦግራፊ አንድ አንቀጽ። ከዚህ በላይ አትጨምሪ፤ በዝቶብሽ በሳምንቱ ከምትተዪው ትንሽ ሆኖ ቢቀጥል እመርጣለሁ።

መምህርሽ በአማርኛ ስላስረዱ አትቀየሚያቸው። እንዲገባችሁ ብለው ነው። ግን ከክፍል ሲወጡ በአክብሮት ጠጋ ብለሽ፣ «ቲቸር፣ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ያሉንን በእንግሊዝኛ ቢደግሙልን» በያቸው። እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። የእንግሊዝኛ መምህርሽንም፣ የምትጽፊው ድርሰት ስለ ታሪክ ቢሆን ይፈቅዱልሽ እንደሆነ ጠይቂ።

ደባርቅ መሆንሽን ደግሞ እንደ ጉድለት አትዪው። በ1970 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እናንተ ከተማ ነው። ሌላው ዓለም ላይ የማይገኘው ዋልያ ቤቱ እዚያ ነው። ከከተማዋ ወጣ ስትዪ የሊማሊሞ መንገድ አለ። ገደሉን ለምን እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል? ይህ ጂኦግራፊ ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ያንን ገደል ቆፍሮ መንገድ ማውጣት ለምን ፈለገ? ይህ ታሪክ ነው። ሁለቱን ለአንድ እንግዳ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ደግሞ አስጎብኚዎች የሚከፈሉበት ሥራ ነው። እርግጥ በቱሪዝም ብቻ ተማመኚ አልልሽም። ሰላም ሲጠፋ እንግዳ እንደሚጠፋ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ያው ችሎታ ሌላም ቦታ ይፈለጋል። የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሕግ ብትገቢም፣ ነገ ፍርድ ቤት የምትከራከሪው በአማርኛ ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ የምትማሪው በእንግሊዝኛ ነው።

ስለዚህ ምርጫውን በተመለከተ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ የምትወጂ ከሆነና ሕክምና ካልታሰበሽ ሶሻል ግቢ። 41ዱ አያስፈራሽ። ወንድምሽንም አብሮሽ ተቀምጦ የፈተና ወረቀቱን እንዲያይ ጥሪው፤ «ጥ»ዎቹን ሲቆጥር ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ላኪልኝ። ስለ ሊማሊሞ ግማሽ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፊ። ማንም አያርምልሽ፣ ስልክሽም አይተርጉምልሽ። ቃል ሲያጥርሽ እዚያው መስመር ላይ አማርኛውን ጣል አድርጊበትና ቀጥዪ። የትኞቹን ቃላት እንደምንጀምር የማየው ከእነሱ ነው።