አልዴባራን የሃያዴስ አባል ነው ወይ?

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ሠውር (በሬው) የሚባለው የኮከብ ምድብ ራስ ላይ ያለውን የከዋክብት ዘለላ፣ ሃያዴስን፣ ፎቶ አነሳሁ። አልዴባራን የሚባለው ኮከብ ከሁሉም ደምቆ፣ ብርቱካንማ ሆኖ ወጣ። እሱም የዘለላው አባል ነው? ከሆነስ ለምን ብቻውን እንዲህ ገዘፈ? ፎቶው ስር ሃያዴስ ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?»

አባል አይደለም። ሃያዴስ ከእኛ 150 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። አልዴባራን ያለው ግን 65 የብርሃን ዓመት አካባቢ ላይ ነው። ወደ ዘለላው ከሚወስደው መንገድ ግማሹ ላይ እንኳ አልደረሰም። ከእኛ በኩል ሲታይ አቅጣጫቸው ስለገጠመ ብቻ ዘለላው የሚሠራውን የቪ (V) ቅርጽ አንድ ጫፍ ይዞ ቁጭ ብሏል። የሰማይ አፕሊኬሽኖችም ሁሉንም አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ስለሚያሰፍሯቸው ግራ መጋባትህ አይገርምም።

ብዙ ሰው «ቀለሙ ስለሚለይ ነው አባል ያልሆነው» ይላል። ይሄ አያስኬድም። ዘለላው የራሱ ብርቱካንማ ግዙፎች (አርጅተው የተነፉ ከዋክብት) አሉት፤ ጋማ፣ ዴልታ አንድ፣ ኤፕሲሎን እና ቴታ አንድ ታውሪ («ታውሪ» የሠውር ማለት ነው)። እኔ በባይኖኩላር ሳያቸው እነሱ ወደ ቢጫ ያደላሉ፤ አልዴባራን ግን ጠቆር ያለ ብርቱካን ነው። የላይኛው ገጹ ከእነሱ ይልቅ ቀዝቀዝ ስለሚል ነው፤ 3,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። ልዩነቱን ማየት ከፈለግህ የባይኖኩላሩን ፎከስ ትንሽ አበላሸው። ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ክብ ሲሆን ቀለሙ ይጎላል። ቴሌስኮፕ ለዚህ አይመከርም፤ ዘለላው ሰፊ ስለሆነ ቁራጩን ብቻ ነው የምታየው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ የዕድሜ ነገር ነው። የሃያዴስ ከዋክብት አብረው የተወለዱት ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ነው። ኮከብ በከበደ ቁጥር ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳል። እነዚያ አራቱ ከፀሐይ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብዱ በዚህ ዕድሜ ግዙፍ ሆነዋል። አልዴባራን ግን ክብደቱ ከፀሐይ እምብዛም አይበልጥም። እንዲህ ያለ ኮከብ እዚህ ደረጃ ለመድረስ ቢሊዮን ዓመታት ይፈጅበታል። ከሃያዴስ ጋር ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬም እንደ ፀሐያችን ያለ ተራ ኮከብ ነበር። እሱ ግን ተነፍቶ ስፋቱ ከፀሐይ 44 እጥፍ ገደማ ሆኗል።

ጉዞውም ለብቻው ነው። የዘለላው አባላት በአንድነት በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ፤ አልዴባራን በአብዛኛው ወደ ደቡብ። ከእኛ የሚርቅበት ፍጥነት በሰከንድ 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የእነሱ 39 አካባቢ ነው። ይህን መንቀሳቀስ በዓይን አይቼ ልመስክር ብትል አይሆንልህም፤ የጨረቃን ስፋት ያህል ለመሄድ 9,000 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌይ በ1718 (እ.ኤ.አ.) «ቋሚ» የሚባሉት ከዋክብት እንደሚንቀሳቀሱ ያወቀው የጥንት መዝገቦችን ከራሱ ዘመን ልኬት ጋር አስተያይቶ ነው። ካነሳቸው ከዋክብት አንዱ ይኸው አልዴባራን ነበር።

«ለምን ብቻውን ገዘፈ» ላልከው ደግሞ፣ ቅርበቱ ድምቀቱን አብዝቶታል፤ ግን ቅርበቱ ብቻ አይደለም። ወደ ዘለላው ርቀት ብንወስደው ከሚደርሰን ብርሃኑ አንድ አምስተኛው እንኳ አይቀርም። ያኔም ቢሆን ከሃያዴስ አባላት ሁሉ ይደምቃል። ስለዚህ የቀረበ ብቻ ሳይሆን የምርም ትልቅ ነው።

ሌላ ኮከብ ላይም ተመሳሳይ ጥርጣሬ ከገባህ መጀመሪያ ርቀቱን እይ፤ ካልገጠመ እዚያው አለቀ። ርቀቱ ከገጠመ ወደ እንቅስቃሴው ሂድ። ቦታና ቀለም ብቻቸውን አይበቁም።

ፎቶው ስር «አልዴባራን እና ሃያዴስ» ብለህ ጻፍ። እኔም እንደዚያ ነው የምጽፈው። ከቻልክ ሌላ ፎቶ አጠር ባለ ኤክስፖዠር (ካሜራው ብርሃን በሚያስገባበት ጊዜ) አንሳ፤ ከረዘመ አልዴባራን በጣም ይነጣና ያ ብርቱካንማ ቀለሙ ይጠፋል።