ስለ ጫጉላ ሌሊት ፊልም ለመሥራት ለጠየቅሽኝ ተማሪ

እህቴ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት የሚድዋይፈሪ (የአዋላጅነት) ተማሪ ነሽ። በጫጉላዋ ሌሊት ባሏ ስላስገደዳት ሙሽራ የ15 ደቂቃ ፊልም ጽፈሻል። ታሪኩን የሰማሽው ለተግባር ልምምድ በወጣሽበት ጤና ጣቢያ ነው። ወንድምሽ «ስማችንን ታስጠፊያለሽ» ብሎሻል። ልተወው ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ ልሥራው ነው ጥያቄሽ።

አትተይው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ ሲፈጸም ነው፤ ባል በሚስቱ ላይ ሲያደርገው አንቀጹ አይነካውም። ቤተሰብም አያነሣው፣ ትኬት ሸጦ ማትረፍ ያለበት ፕሮዲውሰርም ይሸሸዋል። በራሱ ገንዘብ የሚሠራ ሰው ካልደፈረው ማን ይደፍረዋል?

እኔን ያሳሰበችኝ ያቺ ሴት ናት። ጉዷን የነገረችሽ ነጭ ጋዋን ለብሰሽ ስላየችሽ ነው፤ የታካሚ ምስጢር ነው። ስክሪፕትሽ ላይ ደግሞ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ያለው ሱቋ አለ፣ የባሏ ባጃጅ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ እንኳ አለ። ጅማ ላይ ሁለት ምልክት ከሰጠሽ ሦስተኛውን ሰፈሩ ይሞላዋል። ፈቃድ ልጠይቅ ብለሽም ቤቷ እንዳትሄጂ፤ «ማን ናት ይቺ?» ብሎ የሚጠይቃት ባሏ ነው።

ስለ ጠለፋ የተሠራውን «ድፍረት» የተባለ ፊልም አስቢ። በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾች ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ከተቃወሙት መካከል ታሪኳ ለፊልሙ መነሻ የሆነችው ሴት ነበረች። ስለዚህ ሱቁንም ባጃጁንም አውጪ፣ ሙሽራዋን ሌላ ሰው አድርገሽ እንደ አዲስ ጻፊያት። ማንኛዋም አዋላጅ የምታውቀው ብቻ ይኑርበት።

ሙሽራዋን የምትጫወተው የክፍልሽ ልጅ መሆኗን ጽፈሻል። ጓደኛሽ ስለሆነች እምቢ ማለት ይከብዳታል። ምን እንደሚታይ፣ ማን ክፍሉ ውስጥ እንደሚኖር፣ የት ድረስ እንደምትነካ ከቀረጻው ቀን በፊት ተነጋግራችሁ በወረቀት አስፍሩት፤ በማንኛውም ሰዓት «በቃ» ካለች ካሜራው ይጥፋ። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት ትዕይንት ራሱን የቻለ አስተባባሪ ይመድባል። አንቺ መቅጠር አትችዪም፤ ሁለታችሁም የምታምኗት በዕድሜ የበሰለች ሴት ትገኝ። ዳይሬክተሯ አንቺ ስለሆንሽ ይህን ሥራ አንቺ ራስሽ ልትይዢው አይገባም።

ደግሞስ አልጋው መታየት አለበት? ካሜራውን በሩ ላይ አቁሚው። ሚዜዎቹ የብር አምባሩን ወሬ እየጠበቁ ይሳሳቃሉ፣ አንዷ አክስት ግን ከወሬው ወጥታ ዝም ትላለች። እኔ በበኩሌ ከአልጋው ይልቅ የዚያችን አክስት ፊት ባይ እመርጣለሁ።

ስለ አዲስ አበባ፦ አሁን አትሂጂ። ዲግሪሽን ጨርሺ፤ በራስ ገንዘብ የሚሠራ ፊልም ለዓመታት እንጀራ ላይሆንሽ ይችላል፣ የአዋላጅነት ፈቃድ ግን ደመወዝ ነው። ቀረጻውን ቅዳሜና እሑድ እዚያው ጅማ ሥሪው። አዲሱን ስክሪፕት ስትጨርሺ መጀመሪያ የሙያ ሥነ ምግባር ለሚያስተምርሽ መምህር አሳዪው፣ ቀጥሎ ለወንድምሽ።