መልስ፦ «የሦስት ወሩ መርፌ ሚስቴን ያመክናታል?»
የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ አያመክናትም ወንድሜ። የበርጫ ወሬ ነው። ጅማ ላይ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ስለ ሴት ማህፀን የማይተነትን ወንድ የለም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ግን በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ልጅ እንፈልጋለን ብለሃል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ ብዙ ጊዜ 10 ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ወሬው የመጣው ከዚሁ መሰለኝ። ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢሠራም ባሰኛት ጊዜ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ቶሎ ማርገዝ ትችላለች። ሁለቱንም ንገራትና እሷ ትምረጥ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በሁለቱም የወር አበባ ሊዛባ ይችላል። ነጠብጣብ አይተው ደንግጠው «አሁኑኑ አስወጪው!» የሚሉ ባሎች ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመህ ስልክ አትነካካ፤ እሺ ካለችህ አብረሃት ግባና ባለሙያዋን ጠይቅ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነፃ ነው።